ወንበሩ ሞልቷል፣ መጽሐፉ ጦሙን ያድራል፦ የአንድ ሰፈር ላይብረሪ ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሕዝብ ላይብረሪ አለ። ሦስት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም እየሄድኩበት ነው። ስሙን አልጠራም። ቅሬታዬ በአሠራሩ ላይ ስለሆነ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች እንዲሸማቀቁብኝ አልፈልግም። እንዲህ ያለ ላይብረሪ ደግሞ እናንተም ሰፈር ሊኖር ይችላል።

መጀመሪያ ደጉን ልናገር። ነፃ ነው። መታወቂያ ማሳየት ይበቃል። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ መስኮቶቹ ትልልቅ ስለሆኑ መብራት ቢጠፋም ማንበብ ይቻላል። ጸጥታው ልብ ያሳርፋል። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃም አይጠፋም፤ ይህን እንደ ትንሽ ነገር እንዳታዩት፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ዋናው ነገር ነው። ዋይፋዩ ግን አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም፣ ባትተማመኑበት ይሻላል።

አዳራሹ ሁሌም ጢም ብሎ ይሞላል። ተማሪው በሩ ሳይከፈት ተሰልፎ ይጠብቃል። እኔን ያሳሰበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንድ ቀን ቀና ብዬ ከፊቴ ያሉትን ሁለት ረድፎች በዓይኔ ቃኘሁ። ደብተር፣ ሃንድአውት፣ የፈተና ወረቀት፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ። የላይብረሪው ማኅተም ያለበት መጽሐፍ የዘረጉ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ተማሪዎቹን አልወቅስም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ሆኖ ለሚያድር ልጅ ጸጥ ያለ ወንበር ማለት ብዙ ነው። ለዚህ ብቻ ሙሉ ሁለት ኮከብ እሰጣለሁ። ግን ከግድግዳው ወዲያ ያሉት መጻሕፍትስ? እነሱ ምን እየሠሩ ነው?

ይህን ጥያቄ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። የላይብረሪ ሳይንስ የተማረች ናት። «እስቲ በራንጋናታን ለኪው» አለችኝ።

ራንጋናታን ሕንዳዊ ነው። የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ኃላፊ ሆነ፣ ግን ሥራው አልጣመውም፣ ልቡ ወደ ማስተማሩ ነበር። ከዚያ ለትምህርት ለንደን ሄደ፣ የእንግሊዝን ላይብረሪዎች እየዞረ አየ፣ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። በ1931 አምስት ሕጎች አሳተመ። መጽሐፍ የሚቀመጠው ሊሠራበት ነው። ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆነው መጽሐፍ አለ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የሚሆነው አንባቢ አለ። የአንባቢን ጊዜ አታባክን። ላይብረሪ ሕይወት እንዳለው ነገር ያድጋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ስሰማቸው ተራ ነገር መሰሉኝ። መጽሐፍ ሊሠራበት መሆኑን ማን አጣው? አንድ መጽሐፍ ለማግኘት ስሞክር ነው የገባኝ።

ስለ ቡና አንድ ነገር ለመጻፍ አስቤ ነበር። መደርደሪያዎቹ ያሉት በፍርግርግ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። አንባቢ አይገባም። የመጽሐፉን ቁጥር ከካታሎጉ ታገኛላችሁ፣ ትንሽ ወረቀት ላይ ትሞላላችሁ፣ መታወቂያችሁን ታስይዛላችሁ፣ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። 40 ደቂቃ የጠበቅኩበት ቀን አለ። የሚሰጠው አንድ በአንድ ነው፣ ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም። የመጣው መጽሐፍ የፈለጋችሁት ካልሆነ እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ። ሰው ሁለቴ እንዲህ ከሆነ በሦስተኛው የራሱን ሃንድአውት ይዞ ይመጣል። እኔም እንደዚያ ወደ ማድረጉ ደርሼ ነበር።

የቡናው መጽሐፍ በመጨረሻ መጣ። ጀርባውን ገለጥኩት። የመመለሻ ቀን የሚመታባት ወረቀት እዚያ ተለጥፋለች፤ ድሮ ውሰት ነበረ ማለት ነው። አራት ማኅተም አለባት። የመጨረሻው ሚያዝያ 1994 ይላል። ወረቀቷ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆናለች፣ መሐሏ ግን አሁንም ነጭ ነው። ስፌቱ አልላላም። መሐል ላይ ሁለት ገጾች ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ተጣብቀው ነበር፣ በጥፍሬ ቀስ ብዬ ለየኋቸው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ የቆመ መጽሐፍ ነው፤ እነዚያን ሁለት ገጾች ከእኔ በፊት ማንም አላነበባቸውም።

አያቴ ዳዊት ነበራቸው፣ ብራና። ማኅደሩ ግድግዳ ላይ በሚስማር ይንጠለጠላል፣ እኛ ልጆች እንዳንነካው ከፍ ተደርጎ። ጠዋት ጠዋት ያወርዱታል። የእያንዳንዱ ገጽ የታችኛው ቀኝ ጥግ ጠቁሮ ነበር፣ በአውራ ጣታቸው፣ ከእሳቸው በፊት ደግሞ በአባታቸው አውራ ጣት። ይህን የማነሳው ዝግ በር ላይ ቅሬታ ባሰማን ቁጥር «መጠበቅ እኮ ባህላችን ነው» የሚል መልስ ስለሚሰጥ ነው። እውነት ነው፣ የገዳማቱ ዕቃ ቤት ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ብራና ዛሬ ድረስ አይዘልቅም ነበር፤ ለጠበቁት ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን እዚያም መጽሐፉ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ገድሉ በወሩ ይነበባል፣ ድርሳኑ በዕለቱ ይነበባል፣ ዳዊቱ በየቀኑ ይደገማል። የሚጠበቀው ስለሚነበብ ነው። አውሮፓም መጽሐፉን በሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ያስር ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ሄርፎርድ ካቴድራል የታሰሩትን ዛሬም ማየት ይቻላል። ራንጋናታን የመጀመሪያውን ሕግ ሲያብራራ ይህንኑ ሰንሰለት ያነሳል። ሰንሰለቱ ራሱ ለአንባቢ ነበር፣ መጽሐፉ ሳይጠፋ ሰው ቆሞ እንዲያነብበት። የእኛ ፍርግርግ ግን አንባቢውንና መጽሐፉን እስከነጭራሹ አያገናኝም።

አንድ ቀን መስኮቱ ላይ የሚሠራውን ሰውዬ ጠየቅኩት። ለምን ክፍት አታደርጉትም?

«እህቴ፣ ገጽ ይቀድዳሉ እኮ። መጽሐፍ ይዘው የሚወጡም አሉ። ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ቆጠራ ሲደረግ ከጎደለ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው።»

ይህ መልስ ብዙ አስተማረኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። መጽሐፉ ወደ ላይብረሪው የገባው እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው። ንብረት ነው። ንብረት ደግሞ የተሻለ የሚሆነው ሳይነካ ሲቀመጥ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ማንም ያልነካው የቡና መጽሐፍ በንብረት ቆጠራ ዓይን ድንቅ ውጤት ነው፣ ምንም አልጎደለም። በራንጋናታን ዓይን ደግሞ ሙሉ ኪሳራ ነው። ሰውየው በሁለቱ መካከል ተይዟል፣ ደመወዙ ያለው ግን በአንደኛው ወገን ብቻ ነው። ማንበብ የሚያስረጀው መጽሐፍ በሕግ እንዲያረጅ ካልተፈቀደለት፣ በየዓመቱ እዚህ ግባ የማይባል ጉድለት ሠራተኛውን የማያስቀጣ ካልሆነ፣ ያንን በር ማንም ጤነኛ ሰው አይከፍተውም። ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት፣ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት።

አሁን ካታሎጉ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ጊዜዬን የበላው እሱ ነው።

አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ይሠራል። ርዕሱ ላይ «ፀሐይ» የሚል ቃል ያለበት መጽሐፍ ፈለግኩ። የለም አለኝ። «ጸሐይ» ብዬ ጻፍኩ። የለም። «ፀሀይ» ስል ወጣ። መጽሐፉ ሽፋን ላይ ግን በትክክል «ፀሐይ» ተብሎ ነው የታተመው፣ የመዘገበው ሰው በለመደው ፊደል ጽፎት ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አሉን። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉን። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። «ዓለም» ብሎ የፈለገ «አለም»ን አያገኝም። ማሽኑ ሲፈልግ እነዚህን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ለአንድ ፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም። ያልተደረገው ፕሮግራሙ አማርኛን አስቦ ስላልተሠራ ነው።

ስምም እንደዚሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አልማዝ ከበደ ማለት አልማዝ ናት፣ ከበደ አባቷ ነው። እዚህ ካታሎግ ውስጥ ግን ግማሾቹ ጸሐፊዎች በራሳቸው ስም፣ ግማሾቹ በአባታቸው ስም ገብተዋል፤ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ አገኘሁት፣ ሦስት መጻሕፍቱ በራሱ ስም፣ ሁለቱ በአባቱ ስም። የእሱን ሥራ በሙሉ ማንበብ የፈለገ ሰው ሁለቱን ሳያይ ተመልሷል ማለት ነው።

ከሁሉ የደነገጥኩት ግን በዓመቱ ነው። ካታሎጉ የታተመበትን ዓመት ሲጽፍ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይለይም። አማርኛው መጽሐፍ 1966 ይላል፣ ከጎኑ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍም 1966 ይላል፣ ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ይደረድራቸዋል። ለታሪክ ተማሪ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የእኛ 1966 አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። የፈረንጆቹ 1966 ደግሞ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ያሉበት፣ ከአብዮቱ ስምንት ዓመት የሚቀድም ጊዜ ነው። መጽሐፉ ስለ መሬት የሚናገር ከሆነ ይህ ልዩነት ሁሉን ነገር ይለውጣል። አንዲት «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል ምልክት ትበቃ ነበር።

ከዚያ ቁጥሮቹ አሉ። እንደ ብዙ ላይብረሪ ይህም በዲዊ ነው የሚሠራው፤ አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው አመዳደብ። እውቀት ሁሉ ከ000 እስከ 999 ይከፈላል። ብልህ ሥራ ነው፣ አልክድም። ዓለም ግን ከአሜሪካ ሆኖ ሲታይ ነው እንዲህ የሚከፈለው። የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ 810ን ሙሉውን ይዟል፣ የእንግሊዝ 820ን ሙሉውን። የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ተውኔት ሁሉ 892.8 ውስጥ ከነጥብ ወዲያ ተጨናንቋል። አዲስ አበባ ላይብረሪ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ ሰው አብዝቶ የሚፈልገው መደርደሪያ በሙሉ በአንድ ዓይነት ቁጥር ይጀምራል። ሃይማኖት ላይ ደግሞ ከ220ዎቹ እስከ 280ዎቹ ለክርስትና ተሰጥቶ የቀረው የዓለም ሃይማኖት ሁሉ 290ዎቹ ውስጥ ገብቷል፣ እስልምና 297 ላይ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጥር በሚጋሩበት አገር ይህ አከፋፈል የእኛን ኑሮ አይመስልም። ቁጥሩን ዛሬ ለውጡ አልልም፣ ብዙ ድካም ነው። ቢያንስ ግን 892.8ን በዘርፍና በጸሐፊ ስም ለይቶ፣ ከላዩ በአማርኛ ጽፎ መለጠፍ ይቻላል።

ወደ ቡናዬ ልመለስ። ቡናን እንደ ተክል የሚያየው መጽሐፍ 633.73 ላይ ነው፣ ግብርና ውስጥ። ንግዱ 380ዎቹ ውስጥ ነው። የአፈላል ሥርዓቱ ባህል ነው ተብሎ 394 ላይ ነው። ሦስት የተለያዩ መደርደሪያዎች፣ ለእኔ ግን አንድ ቡና። ራንጋናታን ይህንን ችግር ቀድሞ አይቶታል። ለንደን ሳለ ሰልፍሪጅስ የሚባል ትልቅ መደብር ውስጥ ሜካኖ የሚባል የልጆች መጫወቻ አየ፤ እነዚያኑ ብረቶችና ብሎኖች እያገጣጠሙ አንዴ መኪና አንዴ ክሬን ይሠሩበታል። ርዕስም እንደዚህ ከቁርጥራጭ ይገጣጠም ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው አመዳደብ ከዚህ የመነጨ ነው። እኔ የምጠይቀው ያን ያህል አይደለም። ካታሎጉ ላይ «ቡና» ብዬ ስጽፍ ሦስቱንም አንድ ላይ ያሳየኝ። አሁን የሚያሳየኝ ርዕሱ ላይ ቡና የሚል ቃል ያለበትን ብቻ ነው።

ልጄን ይዤ የሄድኩበት ቅዳሜ ደግሞ አለ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ስለ ንብ ማንበብ ይፈልጋል። ጥበቃው በትሕትና ነው የመለሰን፤ «ልጅ አይገባም እመቤት፣ መመሪያ ነው» አለ። ልጄ አልተከራከረም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና «መጽሐፉ ውስጥ አለ ግን?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ከሠራተኞቹ አንዷ በመስኮት አይታን ኖሮ የንብ እርባታ መጽሐፍ፣ ሥዕል ያለበት፣ ይዛ ወጣች። ከእሱ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ገለጠችለት። ለአርቢዎች የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ልጄ ግን የቀፎውን ሥዕል ደብተሩ ላይ ገልብጦ ነው ወደ ቤት የተመለሰው።

ይህችው ሴትዮ ናት ጠረጴዛዋን ያመጣችው። ከወር በፊት በራሷ ሐሳብ ከዝጉ ክፍል አሥር የሚሆኑ መጻሕፍት አውጥታ፣ ሽፋናቸው እንዲታይ አድርጋ መግቢያው አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ፎርም የለም፣ መታወቂያ የለም። አንስታችሁ እዚያው ታነባላችሁ፣ ስትጨርሱ ትመልሳላችሁ። ጠዋት አስቀመጠች። ምሳ ሰዓት ላይ ሳየው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብቻ ቀርተዋል። የቀሩት በየወንበሩ፣ በእነዚያው ሃንድአውት በያዙ ልጆች እጅ ላይ ነበሩ። አንዱ ልጅ የፊዚክስ ደብተሩን ዘግቶ ስለ አክሱም ሲያነብ ነበር። ፈተና ብቻ የሚያሳስባቸው መስሎኝ ነበር። መጽሐፉን አይተውት አያውቁም ነበር እንጂ።

ሌላ የታዘብኩት ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ካርቶኖች ነው። የልገሳ መጻሕፍት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከውጭ አገር የመጡ፣ እንደታሸጉ። ቁጥር የሚሰጣቸው ሰው ስለሌለ አልተከፈቱም። ሱዛን ብሪዬ የምትባል ፈረንሳዊት የላይብረሪ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1951 የጻፈችው ነገር አለ፤ በአፍሪካ ዱር የሚሮጥ አጋዘን ሰነድ አይደለም፣ ተይዞ፣ ተመዝግቦ፣ ለጥናት ሲቀርብ ግን ሰነድ ይሆናል ትላለች። መጀመሪያ ስሰማው አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ካርቶኖቹን ሳይ ገባኝ። ሰው ከፍሎ አስልኳቸዋል፣ ባሕር ተሻግረው መጥተዋል፣ ግን ካታሎጉ ውስጥ እስካልገቡ ድረስ ለአንባቢ የሉም። ላይብረሪ ያድጋል የሚለው ሕግ ካርቶን መቀበልን ብቻ አይደለም የሚለው፤ መዝግቦ መደርደሪያ ላይ የሚያወጣ ሰውም አብሮ ማደግ አለበት። ልገሳ የምትልኩ ወገኖች፣ ከመላካችሁ በፊት የሚመዘግብ ሰው መኖሩን ጠይቁ።

በጠቅላላው ከአምስት ኮከብ ሦስት። ሁለቱ ለአዳራሹና ለጸጥታው፣ አንዱ ለጠረጴዛዋ። ካታሎጉና ፍርግርጉ ምንም አላገኙም። ውሰት ከተጀመረ አራት አደርገዋለሁ፣ ልጆች ከተፈቀደላቸው አምስት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ጠዋት 2፡30 ሳይሆን ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ወንበር የለም። መጽሐፍ ስትፈልጉ በሁሉም ፊደል ሞክሩ፣ የጸሐፊውን ስም በአባቱም ፈልጉት። ስትገቡ በስተቀኝ መስኮቱ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ አትለፏት። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው አዲስ የሚደረደርባት። የቡናውን መጽሐፍ እንድታስቀምጠው ጠይቄያታለሁ፣ ባለፈው ሐሙስ እዚያ ነበር።